ውሃ ያልቀመሰ ቧንቧ አይለሰንም

‹‹ልጄ፣ ግድግዳው እያላበው ነው።››

እናቴ ይህን በስልክ የነገረችኝ መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት ነበር። አዲሱ ቤት ከገባች ገና ወሯ ነው። ድምጿ ውስጥ ቅሬታ የለም፤ ይልቁንም ሀፍረት የሚመስል ነገር አለ። ልጅ በዕቁብና በብድር ያሠራውን ቤት እንከን ማውጣት ነውር መስሏት ለቀናት አፍና ይዛዋለች። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣም እርጥቡ እንዳይታይ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፎጣ ታንጠለጥል እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

ቤቱ ያለው አዲስ ዓለም ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአምቦ መንገድ ሆለታን አለፍ ብሎ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ማገዶ እየራቀ ሲያስቸግር ዋና ከተማቸውን ሊያዛውሩባት አስበው ቤተ መንግሥት ያስጀመሩባት፣ ኋላ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ሲታደጋት ቤተ መንግሥቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የሆነባት ከተማ ናት። እኛ አዲስ ዓለሞች ‹‹ዋና ከተማ ልንሆን ነበር›› ማለት እንወዳለን። የእኔም ቤት ‹‹ጥሩ ቤት ሊሆን ነበር›› ተብሎ ከመቅረት የተረፈው ለጥቂት ነው።

ይህን የግል ጉዳዬን አደባባይ ያወጣሁት እንደ እኔ ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአስኮና በቡራዩ በኩል ወደ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪና አምቦ የሚወጡ መኪኖችን ብትሳፈሩ ጭኑ ላይ የቀለም ባልዲ ወይም የቧንቧ መጋጠሚያ የያዘ ሰው አታጡም። ሳምንቱን አዲስ አበባ ይሠራል፤ ቅዳሜ የትውልድ ከተማው ሄዶ ቤት ያሠራል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ደግሞ በስልክ ይመራል። ውጭ አገር ያለውማ ቅዳሜም የለውም፤ ሁሉ ነገሩ በስልክና በፎቶ ነው። በስልክ ደግሞ ግድግዳ ይታያል እንጂ ግድግዳ ውስጥ ያለው አይታይም።

ከባለ ሳኒተሪው ጋር የተስማማነው ‹‹በእጅ ዋጋ›› ነበር። ዕቃውን እኔ እገዛለሁ፣ እሱ ይዘረጋል። ጽሑፍ የሚባል ነገር የለም። ሰፈር የሚያውቀው፣ ትሑትና ሥራ ወዳድ ወጣት ነው። የሦስት ሰው ቤት ሠርቷል ተባልኩ፤ በቃኝ። ዋጋ ሲጠራ ከጠራው ላይ ቀነስኩ፤ እሱም ሥራው ከሚያመልጠኝ ብሎ ተስማማ። ስለ ዕቃውም እውነቱን ልናገር። ሱቅ ገብቼ የሴራሚክ ቀለም ለመምረጥ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ፤ የቧንቧውን ጉዳይ ግን በአምስት ደቂቃ ነው የጨረስኩት። ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ያለ። ልዩነታቸው ምንድን ነው ብዬ እንኳን ሳልጠይቅ ርካሹን፣ ቀጠን ያለውን ወሰድኩ። ሴራሚክን እንግዳ ያየዋል፤ ቧንቧን ማን ያየዋል?

እናቴ ስትደውል መጀመሪያ ያደረግኩት ለልጁ መደወል ነው።

‹‹ጋሼ፣ ይሄ ብርዱ ነው›› አለኝ ሳያመነታ። ‹‹ክረምት ያገኘው ልስን እስኪደርቅ ያልበዋል። እማማን አይስጉ በሏቸው።››

መልሱን ወደድኩት። ለምን እንደወደድኩት ዛሬ ይገባኛል፤ ገንዘብ የማያስወጣ መልስ ስለሆነ ነው። ደግሞ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። አዲስ ልስን ውሃውን ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅበታል። በደጋ ብርድ ሙቅ ውሃ ሲፈስስም ግድግዳ ላይ ጤዛ መቋጠሩ ያለ ነው። ግን መለያ አላቸው። የልስን እርጥበት ግድግዳውን በሙሉ እኩል ይይዝና ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል። ጤዛ ከላይ ከላይ ነው፤ መስኮት ሲከፈት ይደርቃል። ከቧንቧ የሚመጣው ግን ከአንድ ቦታ ይነሳና ዳር ዳሩ እየነጣ ይሰፋል።

የእኛው ሰፋ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለው የመኝታ ክፍል ቀለም አበጠ፤ ሴራሚኩም ሲያንኳኩት ባዶ ጣሳ ይመስል ያስተጋባ ጀመር።

መላው የመጣው ከጎረቤት ነው። ዕድሜያቸውን በቧንቧ ሥራ የጨረሱ አንድ ጡረተኛ አሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ‹‹ኦቦ›› ነው የሚላቸው። እናቴ ቡና አፍልታ ጠራቻቸው። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ቆርቆር አደረጉና ምንም ሳይናገሩ ወደ ደጅ ወጥተው የቆጣሪውን ክዳን ከፈቱ።

‹‹ቤት ውስጥ ያለ ውሃ ሁሉ ይዘጋ›› አሉ። ተዘጋ። ወደ ሮቶው የሚሄደውም መስመር እንዲዘጋ አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለን እንድናይ ጠሩን። የቆጣሪው ትንሿ ጎማ ቀስ እያለች ትዞራለች።

‹‹ቤቱ ሲተኛ ቆጣሪውም መተኛት አለበት›› አሉ።

የሽንት ቤቱንም ጉዳይ ለማጣራት ቀይ ሥር አስመጡ። ጭማቂውን የሽንት ቤቱ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጨመሩና ሳንለቀው ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ አልቀላም። ‹‹ይሄ ደህና ነው፤ ችግሩ ግድግዳው ውስጥ ነው›› አሉ። ቤቱን በሙሉ ላስቆፍር ነው ብዬ ስጨነቅ የሰነበትኩት ሰውዬ፣ በአንድ ቆጣሪና በአንድ ቀይ ሥር የት መቆፈር እንዳለበት አወቅኩ።

እዚህ ላይ ‹‹ትንሽ ጠብ ጠብ ቢል ምን አለበት?›› የሚል ይኖራል። በሰከንድ አንድ ጊዜ ጠብ የምትል ውሃ በቀን 20 ሊትር ገደማ ትሞላለች። በየቀኑ አንድ ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው። ያ ሁሉ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ መሠረት ይወርዳል።

መሠረት ካልኩ ዘንድ የአገራችን አፈር ነገር አለ። በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ ዙሪያ ብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ ኮትቻ የሚባለው፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጊንጪ ላይ የግብርና ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲያጠኑት የኖሩት ይህንኑ አፈር ነው። እነሱ ስለ እርሻ ብለው ነው፤ ለቤት ሠሪ ግን ጠባዩ ያው ነው። እንዲህ ያለ መሬት ላይ የቆመ ቤት አንዱ ማዕዘኑ ሥር ዓመቱን ሙሉ ውሃ ከጠጣ፣ በዚያ በኩል ያለው አፈር ሲያብጥ በሌላው በኩል ያለው ይኮማተራል፤ ግድግዳው ይተረተራል። የቧንቧ ጉድለት ከዓመታት በኋላ የመሠረት ጉድለት መስሎ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ልጁ ባለበት ግድግዳው ተከፈተ። ያን ሁሉ የመረጥኩት ሴራሚክ በመዶሻና በመሮ ሲረግፍ እናቴ ማየት አልቻለችም፤ ወጥታ ጓሮ ተቀመጠች።

የሻወሩ ቧንቧ ታጥፎ ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ ያለው መጋጠሚያ ከንፈሩ ላይ ዕንባ የመሰለ ውሃ አቁሯል። ኦቦ ቆርጠው አወጡት፣ ለሁለት ሰነጠቁትና መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩን። ቧንቧው መጋጠሚያው ውስጥ በሙሉ አልገባም። የገባውም ቢሆን አልተዋሃደም፤ ተለጥፎ ብቻ ነው የቆየው። ከጎኑ ያለውን ሲቆርጡት ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ከመጠን በላይ ቀልጦ ወደ ውስጥ ስለተገፋ ለውሃው የቀረችው መንገድ እርሳስ የምታሳልፍ ብቻ ናት። እናቴ ‹‹ሻወሩ አቅም የለውም›› ስትል የነበረችው ለካ እውነቷን ነው።

ፒፒአር የሚባለው ቧንቧ በሙጫ አይያያዝም። ማቅለጫው 260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ በኋላ ቧንቧውና መጋጠሚያው አብረው ለጥቂት ሰከንድ ይሞቃሉ፤ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ 5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ከዚያ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ እስኪቀዘቅዝም አይነካም። በትክክል ከተሠራ ሁለቱ አንድ አካል ይሆናሉ። ሙቀቱ ካነሰ ይላቀቃሉ፤ ከበዛ ይደፈናል። ሁለቱም ስህተት ከውጭ ሲያዩት ደህና ሥራ ይመስላል።

ልጁ ለብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ‹‹ጋሼ፣ ያን ቀን መብራት እየሄደ እየመጣ ነበር›› አለኝ። ‹‹ማሽኑ ይሞቃል፣ መልሶ ይቀዘቅዛል። ለሳኞቹ ደግሞ በማግሥቱ ሊገቡ ነው። እርስዎም በስልክ ‹ዛሬ ይለቅ› ብለውኛል።››

ብያለሁ። ግንቦት ማብቂያ ላይ፣ ዝናብ ሳይገባ ልስኑ እንዲያልቅልኝ ፈልጌ፣ አዲስ አበባ ቢሮ ቁጭ ብዬ ‹‹ዛሬ ይለቅ›› ብያለሁ።

‹‹ታዲያ ከመለሰኑ በፊት ውሃ ሞልተህ ለምን አልሞከርከውም?›› አልኩት፣ እንደ መሸሽም እያደረገኝ።

‹‹በየትኛው ውሃ ጋሼ? ቆጣሪ የገባው ነሐሴ ላይ አይደል?››

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። በብዙ ከተሞቻችን ቤት የሚሠራው ውሃ ሳይገባ ነው። ለግንባታው በበርሜል ይመጣል፤ ቆጣሪ የሚተከለው ቤቱ ሲያልቅ ነው፤ ከተተከለም በኋላ ውሃው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ቧንቧው ይዘረጋል፣ ይለሰናል፣ ሴራሚክ ይለብሳል። ውሃን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ባለቤቱ ዕቃውን ጭኖ ከገባ በኋላ ነው። ጉድለቱ የሚወለደው ባለሙያው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ስህተትን የሚያሳየው ውሃ የሚመጣው ስህተቱ ከተሸፈነ በኋላ ስለሆነ ነው።

የእኛ መጋጠሚያ መጀመሪያ ላይ ዝም ያለውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ የሚጠቀመው ከሮቶው ነበር። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፤ ከሻወሩ በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ ደግሞ የዚህን ሲሶ እንኳን አይሞላም። በዚህ ግፊት ደካማ መጋጠሚያም ይታገሳል። ሌሊት የከተማው መስመር በሙሉ ኃይሉ ሲመጣ ግን አይታገስም።

ለልጁ ጥያቄ መልስ የሰጡት ኦቦ ናቸው። ‹‹ግማሽ ጀሪካን ውሃ አጣህ?›› አሉት።

የሽማግሌ ተግሣጽ መስሎኝ ነበር። ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ባለ 20 ሚሊ ሜትር የሚባለው ቧንቧ የሚለካው በውጩ ነው፤ ውስጡ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትሩ የሚይዘው ከ0.2 ሊትር ያነሰ ነው። በአንድ መጠነኛ ቤት ግድግዳ ውስጥ 60 ሜትር ቧንቧ ቢዘረጋ ጠቅላላውን ለመሙላት 10 ሊትር ይበቃል። እውነትም ግማሽ ጀሪካን። ከከተማው መስመር የሚመጣ ውሃ መጠበቅ አያስፈልገንም ነበር። ያጣነው ከጉድጓድ ተቀድቶ የሚመጣ ግማሽ ጀሪካን ውሃና አንድ የእጅ መፈተሻ ፓምፕ ነው።

ፓምፑ ትንሽ ገንዳና መወዝወዣ እጀታ ያለው፣ ግፊት የሚያሳይ ጌጅ የተገጠመለት ዕቃ ነው። አሠራሩ ምሥጢር የለውም። ቧንቧው ተዘርግቶ የመጨረሻው ብየዳ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የቧንቧ ጫፎች ሁሉ በክዳን ይታሰራሉ፤ አንዱ ብቻ ከፓምፑ ጋር ይያያዛል። ውሃ ይሞላል፤ በላይኛው ጫፍ አየሩ እንዲወጣ ይደረጋል። ከዚያ ጌጁ 10 ባር እስኪያሳይ ይረገጣል። ቧንቧው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ስለሚለጠጥ መርፌው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ መልሶ መሙላት ነው። ከዚያ በኋላ መርፌው ከቆመበት መንቀሳቀስ የለበትም። ከወረደ አንድ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው፤ ግድግዳው ክፍት ስለሆነም የሚፈሰው በዓይን ይታያል። በዚያን ቀን አንድ መጋጠሚያ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከተለሰነ በኋላ ያው መጋጠሚያ እኔን ግድግዳ፣ ሴራሚክ፣ ቀለምና የእናቴን እንቅልፍ አስከፍሎኛል።

የፍሳሹም መስመር እንዲሁ ይፈተሻል። ማንሆሉ ጋ የሚወጣው ጫፍ ይደፈንና ቧንቧው እስከ አፉ ውሃ ይሞላል፤ ውሃው የቆመበት ቦታ በእርሳስ ይሠመራል። ከሰዓት በኋላ ዝቅ ካለ ከመሬት በታች ያለው መስመር ያፈስሳል። ቀላል ነገር አይደለም፤ በእኛ ሰፈር ብዙ ግቢ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ አለ፤ የእኔ ፍሳሽ የጎረቤቴ መጠጥ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ተዳፋቱም መለካት አለበት። በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከሄደ ይበቃል፤ ውሃ ልክ ዘርግቶ ማየት ነው። በእኛ ቤት የወለሉ ፍሳሽ ሲፎን ሳይገጠምለት ቀርቶ ነበር። ሲፎን ማለት ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይዞ የሚቀመጥ እጥፋት ነው፤ ያ ውሃ ነው የሰፕቲክ ታንኩን ሽታ ቤት እንዳይገባ የሚዘጋው። እሱ በሌለበት እናቴ በየቀኑ ዕጣን ታጨስ ነበር። በዚያ ላይ ጫፎቹ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ብቻ ተወትፈው ስለቆዩ ለሳኞቹ ያፈሰሱት ሲሚንቶ ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ክዳን ቢደረግባቸው ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ጉድለቱ ተገኝቷል፤ ማን ይክፈል?

ንዴቴ ሲነግረኝ የነበረው ክሰስ ነው። ሕጉም የለም አይባልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ቤት ሠርቶ የሚያስረክብ ተቋራጭ ለሥራው ጥራትና ጽናት ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ቤታችሁን በሙሉ ለተቋራጭ ሰጥታችሁ የምታሠሩ ሰዎች ይህን ቁጥር ያዙት፤ ‹‹ቁልፍ ተረክበሃል፣ ከእንግዲህ አያገባኝም›› የሚል ተቋራጭ ሲያጋጥማችሁ ይጠቅማችኋል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 1772 ደግሞ ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው በቅድሚያ ለሌላኛው ወገን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ ጉድለት ስታዩ ወዲያው ሌላ ሠራተኛ አምጥታችሁ አታስፈርሱ። ፎቶ አንሡ፤ ቀኑንና ጉድለቱን ዘርዝራችሁ በጽሑፍ አስታውቁ፤ የሠራው ሰው ባለበት አስከፍቱ፤ የተቆረጠውንም ዕቃ አስቀምጡ።

የእኔ ጉዳይ ግን ለፍርድ ቤት የሚመች አልነበረም። ውል የለኝም። ምስክር የለኝም። ቧንቧውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የቸኮልኩትም እኔ ነኝ። ገንዘቡንም እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍዬ ጨርሻለሁ። ሁሉን ከከፈልኩ በኋላ በእጄ የቀረው ልመና ብቻ ነው።

ስለዚህ በሽማግሌ አየነው። ኦቦና ሌሎች ሁለት ሰዎች ተቀመጡ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ‹‹የእጄን ሥራ ጥፋት አልክድም›› አለ። እኔም ስለ ቀጠን ያለው ቧንቧና ስለ ስልኩ ሳልደብቅ ተናገርኩ። ፍርዱ እንዲህ ሆነ፦ የመታጠቢያ ቤቱን መስመር ልጁ ያለ ክፍያ እንደ አዲስ ይዘረጋል፤ ቧንቧውንና መጋጠሚያውን እኔ እገዛለሁ፤ የሴራሚኩንና የልስኑን ወጪ እኩል እንካፈላለን፤ የእሱ ድርሻ በጓሮ ማንሆል ሥራ ይታሰብለታል። አንዱ ሽማግሌ ‹‹የፈሰሰችውን ብቻ ይለጥፋት›› ቢሉም ኦቦ አልተቀበሉም። ያን ቀን የተበየደው ሁሉ የተበየደው በዚያው በሚሞቅና በሚቀዘቅዝ ማሽን ስለሆነ፣ አንዱ ከፈሰሰ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

በዚህ ጊዜ ቧንቧውን ስገዛ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ፒኤን 16፣ ፒኤን 20 የሚል ጽሑፍ አለ፤ የሚችለውን ግፊት የሚያሳይ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ግድግዳው ይወፍራል። ለሙቅ ውሃ መስመር ወፍራሙ ነው የሚያስፈልገው፤ ሙቀት ቧንቧን ያደክማልና። ባለፈው የገዛሁት ቀጭኑን ነበር፤ ሙቁም ቀዝቃዛውም የሄደው በእሱ ነው።

ቅዳሜ ተዘረጋ። አመሻሽ ላይ ከኦቦ የተዋስነውን ፓምፕ አሰርን። እናቴ ግማሽ ጀሪካኑን ውሃ ራሷ አመጣች። ልጁ ረገጠ፤ ጌጁ 10 ላይ ቆመ፤ ጥቂት ወረደ፤ መልሶ ሞላው። ሌሊቱን እንዲያድር ተውነው። እውነት ለመናገር የተኛ ሰው አልነበረም። ልጁ ራሱ ሁለት ጊዜ በባትሪ መጥቶ አይቶታል። እሑድ ጠዋት መርፌው ማታ ትተነው ከሄድንበት ንቅንቅ አላለም። ልጁ ፓምፑን ሲፈታ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ደመወዝ ሲቀበል ካየሁት ይበልጣል። ለካስ እስከ ዛሬ ሥራው ደህና መሆኑን የሚያውቀው ባለቤቱ ሳይደውልለት ሲቀር ብቻ ነበር።

ከመለሰኑ በፊት ሜትር ዘርግተን ቧንቧው በየት በየት እንደሚያልፍ ከወለልና ከማዕዘን ያለውን ርቀት እያሳየን ፎቶ አነሳን። ነገ ለመስታወት ማንጠልጠያ ምስማር የሚመታ ሰው ቧንቧ እንዳይበሳ ነው። ፎቶው በእኔም በልጁም ስልክ ውስጥ አለ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤት ለሚሠራ ዘመድ ወዳጅ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የእጅ ዋጋም ቢሆን ሁለት ምስክር ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር፤ ወረቀቱ ላይም ‹‹በግፊት ሳይፈተሽ አይለሰንም›› የሚል መስመር ይግባ። ሁለተኛ፣ ክፍያው በየደረጃው ይሁን፤ የመጨረሻው ድርሻ ቤቱ ተገብቶበት አንድ ሁለት ወር እስኪታይ ይቆይ። ለባለሙያው ክፉ አይደለም፤ ከመጀመሪያው አውቆት ከተስማማ ዋስትናው ነው። ሦስተኛ፣ ዋጋ ስትቀንሱ ከምኑ ላይ እንደምትቀንሱ እወቁ። እኔ ልጁን የቀነስኩት ገንዘብ የፍተሻውን ቀን ነው የወሰደበት።

በሌሎች ብዙ አገሮች ቧንቧ ከመሸፈኑ በፊት ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቶ ካልፈቀደ ግድግዳው አይዘጋም። በእኛም አገር በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ፎቅ የሌለው ተራ መኖሪያ ቤት ግን በዝቅተኛው ምድብ ውስጥ ነበር። በእኔ ቤት ከመለሰኑ በፊት ቧንቧውን ያየ ሰው አልነበረም። እስከዚያው ተቆጣጣሪው ባለቤቱ ነው። መምጣት ካልቻለ የሚያምነውን ሰው ይወክል፤ ለዚያች አንድ ቀን። ለልስን፣ ለቀለም፣ ለጣሪያ ባይመጣ ግድ የለም። ግድግዳው ሊዘጋ ሲል ግን ይምጣ።

ልጁ በኋላ የራሱን ፓምፕ ገዝቷል። ሥራ ሲጠራ መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን እንደሆነ እናቴ ነግራኛለች። ፍተሻውን በዋጋው ውስጥ ይጨምራል፤ የሚከራከረውም አለ፤ ‹‹አዲስ ዓለም ያለውን የጋሼን ቤት ሄደህ ጠይቅ›› ይላል አሉ። ስሜ የሚነሳው በዚህ ሆነ።

እናቴስ? ፎጣውን ከግድግዳው አንስታዋለች። ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም፣ ልጅ ትኩሳት እንዳለው እንደምታይ እናት፣ በእጇ ጀርባ ግድግዳውን ትነካዋለች።

‹‹ደርቋል›› ትለኛለች ስደውል፣ ገና ሳልጠይቃት።